የከረጢቱ ስድስት ግራም

አክስቴ በተቀበረች ቀን አንዲት ጎረቤቷ «ጉንዳን እንኳ የማትረግጥ ሴት!» እያለች አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ጉንዳኑን እንጃ፤ የእናቴን ጎተራ ግን ለአይጥ ያስበላችው እሷ ናት። የገዛ ታናሽ እህቷን ጎተራ፣ ለስድስት ግራም ብላ። ሰው ሲሞት ጥፋቱም አብሮት የሚቀበር የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ከእነሱ ወገን አይደለሁም፤ ስለዚህ እንደነበረችው አድርጌ ልንገራችሁ።

አክስቴ አይጥ መዛኝ ነበረች። ቀልዴን አይደለም። የሰብል ጥበቃ ጣቢያው በወር ሁለት ጊዜ ማሳ ውስጥ የቆርቆሮ ወጥመድ ያስቀምጣል። የተያዙት አይጦች ጠዋት ነፍሳቸው ሳትወጣ ወደ ኋለኛው ክፍል ይመጣሉ፤ እሷ ትመዝናለች፣ ትለካለች፣ ትጽፋለች። የምትፈለገው አንዲት ዘር ብቻ ናት፤ ትንሿ የማሳ አይጥ። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ሥር ዘጠኝ ሳንቲሜትር፣ ጅራቷ ሰባት ተኩል፣ የኋላ እግሯ አሥራ ሰባት ሚሊሜትር። ክብደቷ በአማካይ አሥራ ሰባት ግራም ተኩል። ይህን ከማባዣ ሰንጠረዥ በፊት ነው በቃሌ የያዝኩት። አሥራ ሰባት ግራም ተኩል ምን ያህል ነው ለሚለኝ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነው። ያቺን የምታክል ፍጥረት ናት ቤተሰባችንን የበተነችው።

አክስቴ ጣቢያው የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ወጥመድ አጣቢ ሆና ነው። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ባሏ ባገባት በዓመቱ ጥሏት የሄደ ሴት ነበረች። የድሮው ኃላፊ እጇ እንደማይንቀጠቀጥ አየና ሚዛኑን አስያዛት። ሚዛኑ እስክሪብቶ የሚያክል ባለ ሞላ ሚዛን ነው፤ ከታች መንጠቆ አለው፣ ከላይ ደግሞ ትንሽ ብሎን። አክስቴ አይጧን ከአሮጌ አንሶላ በሰፋችው ከረጢት ውስጥ ትከትና አፉን ጠምዝዛ መንጠቆው ላይ ታንጠለጥላለች። ከዚያ በፊት ግን፣ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ባዶውን ከረጢት ታንጠለጥልና ጠቋሚው ዜሮ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ብሎኑን ታዞራለች። እንዲህ ከሆነ ሚዛኑ የሚያሳየው የአይጧን ክብደት ብቻ ነው፤ ከረጢቱ አስቀድሞ ወጥቷል። ሆኖም የድሮው ኃላፊ «የከረጢቱም ክብደት ይመዝገብ» ብሏት ስለነበር፣ በየገጹ አናት ላይ «ከረጢት፦ 6 ግራም» ብላ ትጽፍ ነበር። ኃላፊው ጡረታ ወጣ፤ እሷ መጻፏን ቀጠለች። ይህችን መስመር ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በሷ ነው።

እኔን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። እናቴ ገጠር እህል እያመረተች ትኖራለች፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ከተማ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ፣ ከአክስቴ ጋር አደግኩ። ትምህርት በማይኖርበት ጊዜ ጣቢያው ይዛኝ ትሄድና መስኮቱ ሥር ታስቀምጠኛለች። ብሎኑን አዙራ ስትጨርስ ሚዛኑን ወደ ፊቴ ዝቅ ታደርግና «ዜሮ ነው?» ትለኛለች። ጠጋ ብዬ አይና «ዜሮ ነው» እላታለሁ። ከዚያ ሥራ ይጀመራል።

አሳደገችኝ እንጂ አላሞላቀቀችኝም። ዳቦ ቤት ስንገባ ዳቦውን በመዳፏ ከፍ ዝቅ ታደርግና፣ «መቶ ግራም ነው ያልከው? ይቺ ዘጠና ናት» ብላ ባለቤቱን ሰው ፊት ታዋርደዋለች። ሲመዘን ዘጠና ይሆናል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሰፈሩ «እትዬ ግራም» የሚል ስም አወጣላት፤ ለስድብ ነበር፣ እሷ ግን እንደ ሹመት ተቀበለችው። ቂሟ ደግሞ ሌላ ነው። ሽንኩርት ያጎደለባትን ባለ ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ሰላም አላለችውም። ሰውዬው ሲሞት «እስቲ አሁን ራሱ ይመዘን» አለች። እንዲህ ያለች ሴት ናት ጉንዳን አትረግጥም የተባለላት።

አደግኩ፣ ኮምፒውተር ተማርኩ፣ እዚያው ጣቢያ መረጃ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። በሁለተኛው ዓመቴ አዲስ ኃላፊ መጣ። ዶክተር ነው፤ ወጣት፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ነገረ ሥራው ጥድፊያ። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ሊጎበኝ ገባና አክስቴን፣

«እማማ፣ እንደምን ዋሉ?» አላት።

አክስቴ ያኔ አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር።

«የማን እማማ ነኝ?» አለችው።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። እኔ ግን ያቺን ድምፅ ስለማውቃት ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

በሳምንቱ ጠረጴዛዋን ከመስኮቱ ሥር አስነሳና የኤሌክትሪክ ሚዛን አስገባ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ አንዲት አይጥ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። አይጧ ስትንፈራገጥ ቁጥሩ አሥራ አራት፣ ሃያ አንድ፣ ዘጠኝ እያለ ይጨፍር ጀመር። አክስቴ እጇን አጣጥፋ ስታይ ቆየችና፣ «ንገሯት እንጂ! ዶክተር መጥቷል፣ ቀጥ ብለሽ ቁሚ በሏት» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዶክተሩ ጆሮው ቀላ። ሚዛኑን በላስቲክ አስሸፈነው፤ ከዚያ በኋላም በገዛ እጁ አይጥ መዝኖ አያውቅም።

ዋጋዋን የሰጣት በስብሰባ ላይ ነው። ስለ ሥራ ምደባ ሲናገር ቆይቶ፣ ወደ እሷ ሳያይ፣ «ሚዛን መያዝ ዕውቀት አይደለም። ማንም ይሠራዋል። ዕውቀት የሚጀምረው ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው» አለ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የሠራችበት ጣቢያ ውስጥ፣ ጥበቃውና ሾፌሩ ባሉበት። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቁጥር በቀር አንዲት ቃል አልሰጠችውም።

አንድ ክፍል ውስጥ ቆመው በእኔ በኩል መነጋገር ጀመሩ።

«ዛሬ ስንት እንደተያዘ ጠይቂያት» ይላል።

«አሥራ አራት በይው። ጆሮ ካለው ሰምቷል» ትላለች።

ሾፌሩ ለብቻዋ ጠርቶ «ኧረ ኃላፊ ነው፣ አንቱ በይው» ቢላት፣ «ከረጢት ውስጥ ይግባና ልመዝነው፤ አንቱ የሚያሰኝ ከሆነ እላለሁ» አለችው። ነገሩ በዚያው ቀን ዶክተሩ ጆሮ ደረሰ።

እውነቱን ለመናገር እኔ ከዶክተሩ ወገን ነበርኩ። ከዳቦ ቤቱ ጀምሮ ያጠራቀምኩት ሃፍረት ነበረብኝ። እሱ ደግሞ ጎበዝ ይለኛል፣ ሥልጠና እልክሻለሁ ይለኛል። አክስቴ ይህን ሳትመዝነው አልቀረችም። አንድ ምሽት ራት ላይ ስለ እሱ መልካም ነገር ስናገር ጉርሻዋን አቁማ፣ «የሱ ጭራ ሆነሻል። ጭራ ከአካል እንደሚያጥር ግን አትርሺ» አለችኝ። ተነሥቼ ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

ያ ዓመት አይጥ የበዛበት ዓመት ነበር። ዶክተሩ ለገበሬዎች ጎተራ አዲስ የመርዝ ማባበያ ሊያዘጋጅ ተነሣ። የቀድሞው መርዝ ኃይለኛ ስለነበር ዶሮና ድመት ይፈጅ ነበር፤ የአሁኑ በአይጧ ክብደት ልክ ይሁን፣ ከዚያ አይለፍ አለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የአይጧ ክብደት ግን በትክክል መታወቅ አለበት። ስለዚህ የአክስቴን መዝገቦች በሙሉ፣ የሃያ ሰባት ዓመቱን፣ ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባ አዘዘኝ። ሳገባድድ መጥቶ አንዱን መዝገብ ገለጠና ከአናቱ ላይ «ከረጢት፦ 6 ግራም» የሚለውን አየ።

«ይሄ ሁሉ ከነከረጢቱ ነው እንዴ የተመዘነው?» አለ። ወዲያው ፊቱ በራ። «ነው እንጂ! እኔ ስማር የመዘንኳት የዚችው አይጥ የቅርብ ዘመድ አሥራ አንድ ተኩል ነበረች። አሥራ ሰባት ተኩል ሲቀነስ ስድስት፣ ይኸው አሥራ አንድ ተኩል! ሁሉንም ቀንሺ።»

«አክስቴን ልጠይቃት?»

«ከፈለግሽ ጠይቂያት» አለና ወጣ።

አክስቴ የኋለኛው ክፍል ሲሚንቶ ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላ ከረጢቶቿን ታጥብ ነበር። በሩ ላይ ቆሜ፣ «መዝገቡ ላይ ያለው ክብደት ከረጢቱ የተቀነሰለት ነው ወይስ ያልተቀነሰለት?» አልኳት። አክስቴ ብዬ እንኳ አልጠራኋትም።

ቀና አላለችም። «ሚዛን መያዝ ዕውቀት አይደለም» አለች። «ዕውቀት የሚጀምረው ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው። ቁጥሩ ተጽፏል። የቀረውን እሱን ጠይቂው።»

«ስድስት ሊያስቀንሰኝ ነው እኮ።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። ዞር ብላ አየችኝ፤ ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ከረጢቱን ጨመቀችና፣

«ይቀንሳ! አፍንጫውን ይላስ» አለች።

ወደ ኮምፒውተሬ ተመለስኩ። አንድ መስመር ቀመር ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። አራት ሺህ ከምናምን አይጥ፣ እያንዳንዷ ስድስት ስድስት ግራም ከሳች።

መርዙ በአሥራ አንድ ግራም ተኩል ልክ ተዘጋጀ። መጀመሪያ የደረሳቸው በጣቢያው ዙሪያ ያሉት መንደሮች ናቸው፤ እናቴም ከእነሱ አንዷ ነበረች። ድርሻዋን ይዤላት የሄድኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አነበብኩላት፣ ማባበያውን ጎተራው ሥር በየጥጉ አስቀመጥኩላት። አባቴ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን የምታርሰው መሬት ነው፤ ጎተራው ውስጥ ያለው የዓመት ቀለቧና የመጪው ዓመት ዘሯ ነበር። ከዚያ ውጭ ሌላ ምንም የላትም። «እንኳን ልጄ እዚያ ገባች» ብላ መረቀችኝ።

ለአሥራ አንድ ተኩል ግራም የተሠራ መርዝ አሥራ ሰባት ተኩል ግራም የምትመዝነውን አይገድልም። ያማታል። ሁለት ሦስት ቀን ጉድጓዷ ውስጥ ትተኛለች፣ ትድናለች፣ ከዚያ በኋላ ያንን ነገር ወደ አፏ አታስጠጋም። ሞኝ አይደለችም። ኋላ ላይ የበረታ መርዝ ቢቀርብላትም ሽታውን ዐውቃዋለችና ታልፈዋለች። ጎተራ ውስጥ ደግሞ ማባበያውን ከተወች የሚቀራት እህሉ ነው። እናቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይጥ ጠፋ ብላ ደስ ብሏት፣ ጎተራውን ደፍና ወደ አረም ሄደች። በሁለተኛው ወር «ሁለታችሁም ኑ» የሚል መልእክት ላከችብን።

የሄድነው እሑድ ረፋዱ ላይ ነው። እናቴ የጎተራውን ክዳን አነሣችልን። ሽታው ፊታችንን መታን። ከእህሉ ከግማሽ በላይ ገለባ ሆኗል፤ የቀረው በሽንትና በኩስ ተበላሽቶ ተጓጉሏል። ለዘር ለብቻው በጆንያ አስራ የሰቀለችው ሳይቀር ሥሩ ተበስቶ ፈስሷል። እናቴ ጥጉ ላይ ወደተቀመጠው ወጥመድ ጠቆመች። አንዲት አይጥ ውስጡ ትሮጣለች።

«እትዬ፣ አንቺ የአይጥ ሰው ነሽ። ይቺ ምን ዓይነቷ ናት? መርዙ ለምን አልገደላትም?» አለቻት።

አክስቴ ከቦርሳዋ ሚዛኗን አወጣች። የትም ስትሄድ የማትለየው ነገር ነው። ባዶውን ከረጢት አንጠለጠለች፣ ብሎኑን አዞረች፣ ሚዛኑን ወደ ፊቴ ዝቅ አደረገች።

«ዜሮ ነው?» አለችኝ።

ጠጋ ብዬ አየሁ። «ዜሮ ነው» አልኩ።

አይጧን ከረጢቱ ውስጥ ከትታ አንጠለጠለች።

«ስንት ነው?» አለች እናቴ።

«አሥራ ስምንት።»

«ወረቀቱ አሥራ አንድ ተኩል አይደል እንዴ የሚለው? ልጄ አንብባልኛለች።»

«ወረቀቱ ተሳስቷል። ከተመዘነው ላይ ስድስት ቀንሰውበታል፤ መቀነስ አልነበረበትም።»

«ይህን መቼ ዐወቅሽ?»

«ገና ሳይቀነስ።»

እናቴ አልገባትም። እኔን አየችኝ፣ መልሳ እሷን አየች። «ዐውቀሽ ዝም አልሽ?»

«ዐውቄ ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«ሰደበኛ። ሰው ፊት ሰደበኝ።»

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲሉ እሰማ ነበር» አለች እናቴ። ድምፅዋ አልጨመረም። «እሱ ለሰደበሽ እኔን አስራብሽኝ? ያን ስድስት የሚሉትን የቀነሰውስ ማን ነው?»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ገንዳው ላይ እንዳየችኝ አድርጋ አየችኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። አይጧ ከረጢቱ ውስጥ ትንፈራገጣለች፣ ሚዛኑ ይወዛወዛል።

«ቢሮ ውስጥ ነው የተቀነሰው» አለች። «ማንም ይቀንሰው። አንድ ቃል ብናገር ይቀር ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ሰው አትፈልጊ።»

«እንግዲያው ከቤቴ ውጪልኝ» አለች እናቴ። «ብታመምም እንዳትጠይቂኝ። ብሞትም በእግርሽ እንዳትመጪ።»

አክስቴ አይጧን እዚያው ገደለቻት፣ ከረጢቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ወጣች። እኔ ከእናቴ ጋር ቀረሁ። አብሬያት ገለባውን ጠረግኩ፣ አብሬያት አክስቴን ሰደብኩ። እንዲያውም ከእናቴ በላይ ሰደብኳት።

በማግስቱ አክስቴ የዶክተሩን በር ሳታንኳኳ ገባችና «ስድስቱን መልስ» አለችው። በወራት ውስጥ በቀጥታ የነገረችው የመጀመሪያ ነገር ነው። የብሎኑን ነገር አሳየችው። ሚዛኑን በራሱ እጅ ይዞ አምስት አይጥ መዘነ፤ በአምስተኛው ላይ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። መርዙ ከመንደሮቹ ተሰበሰበ። ይቅርታ ያለ ሰው ግን አልነበረም። የጣቢያው ሪፖርት «የአይጧ ጠባይ ባልታወቀ ምክንያት ተለውጧል» ብሎ ተዘጋ፤ በመጨረሻ የተከሰሰችው አይጧ ሆነች። ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ነኝ።

አክስቴ በወሩ ሥራዋን ለቃ ወፍጮ ቤት እህል መዛኝ ሆና ገባች። ከደመወዟ ላይ በየወሩ አንድ ጆንያ እህል ገዝታ ለእናቴ በእኔ እጅ ትልክ ነበር። እናቴ እህሉን ትገለብጣለች፤ ርቧታላ፣ ምን ታድርግ። ጆንያውን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ «መልሺላት» ትለኛለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። እንዲህ ሆኜ እንደገና በሁለት ኩርፈኞች መካከል ተላላኪ ሆንኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ።

«ምን አለች?» ትለኛለች አክስቴ፣ ጆንያውን ስትቀበለኝ።

«ምንም።»

«አጥባዋለች?»

«አጥባዋለች።»

ጆንያውን በመዳፏ ከፍ ዝቅ ታደርግና ከበሩ ጀርባ ትሰቅለዋለች። አንድ ቀን መቻል አቃተኝና፣ «ያን ቀን እኔ እንደቀነስኩት ለምን አልነገርሻትም? ብሎኑን ከሕፃንነቴ ጀምሮ እንደማውቀው ለምን አልነገርሻትም?» አልኳት።

«መጥተሽ ስትጠይቂኝ ዝም አልኩሽ» አለችኝ። «አንቺን ያልነገርኩ ለሷ ምን ብዬ ልንገራት? በዚያ ላይ ስንት ልጅ አላት?»

በዚህም ተናደድኩባት። ዛሬም እናደድባታለሁ። ብትናገር ኖሮ እናቴ ጮኻብኝ፣ አልቅሳ፣ ይወጣልን ነበር። እሷ ግን ሁለት ጊዜ ዝም አለች፤ በመጀመሪያው እናቴን ጎዳች፣ በሁለተኛው እኔን ባለዕዳ አደረገችኝ።

እናቴ ቀብሩ ላይ አልመጣችም። በሳልስቱ ቤቷ ስሄድ የመጨረሻው ጆንያ በሩ ጀርባ ታጥቦና ታጥፎ ተቀምጧል። የሚመለስለት ሰው የለም። እናቴ ዓይኗን ከሱ ላይ ሳትነቅል፣

«እሷ ናት ጎተራዬን ያስበላችው» አለች።

«እሷ ናት» አልኳት።